ሻንሲ የሌላት መኪና

«የዚያች መኪና ሻንሲ ታጥፏል።»

ይህን ከነጋሽ አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ጠዋት የጋራዡን በር ሲከፍት ይለዋል፤ ምሳ ላይ ጉርሻው ጉንጩ ውስጥ እያለ ይለዋል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያቺን ቀይ መኪና ካያት አጠገቡ የቆመውን ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ በክርኑ ነካ ያደርገውና «ታምራለች አይደል? ሻንሲዋ ግን ታጥፏል» ይለዋል። ከዚያ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ማንም አያቃናትም። እኔ ራሴ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ነጋሽ አለቃዬ ነው። እኛ ስደተኞቹ ተሰባስበን በምንኖርባት ስኮትዴል ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ሁለት ሊፍት ያለው ጋራዥ አለው። አንደኛው ሊፍት የሱ ነው፤ ሁለተኛው ሥር አሮጌ ጎማና ባዶ ካርቶን ተከምሮ ይኖራል። እኔ ሚካኤላ እባላለሁ፣ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ እዚያ ጋራዥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ምንድነው? ዘይት መቀየርና ስልክ ማንሳት። የጋራዡ ስልክ ከቱታዬ የደረት ኪስ ወጥቶ አያውቅም። የሚደውለው ሰው ድምፄን ሲሰማ «እስኪ መካኒኩን አገናኚኝ» ይላል። ጥርሴን ነክሼ አገናኘዋለሁ።

ሙያ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። ከዩቲዩብ፣ ከአሮጌ የጥገና መጻሕፍትና ከራሴ ስህተት ነው፤ ከሦስቱ ጎበዙ አስተማሪ ሦስተኛው ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ እያለ የእናቴን መኪና ሞተር አፓርታማችን ፓርኪንግ ላይ ፈትቼ መልሼ ገጠምኩት። የአፓርታማው ኦፊስ ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከልን። መኪናዋ እስከ ዛሬ ትሄዳለች። ደብዳቤዎቹን እናቴ ደብቃቸዋለች፤ እኔ ብሆን ፍሬም አስገብቼ ሳሎን እሰቅላቸው ነበር። ነጋሽ ይህን ሁሉ «የስልክ ሙያ» ይለዋል። እሱ የመኪና ዕቃ በጣሊያንኛ ካልተጠራ የሚሠራ አይመስለውም። እኔ ታይሮድ ስል እሱ «ቴስቲኒ!» ብሎ ያርመኛል፤ የምንነካው ግን ያንኑ ከጎማው ጋር የሚያያዝ የመሪ መገጣጠሚያ ነው።

ቀይዋ መኪና የጋሽ ገብረሕይወት ናት። የሰባ ሦስት ሞዴል፣ ጣሊያን ሠራሽ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚከፈት። ሰፈሩ ሁሉ «ጣሊያኗ» ይላታል። ጋሽ ገብረሕይወት ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ሲያቆሙ ኖረዋል። ከሃያ ዓመት በፊት አንዱ ደንበኛቸው ሸጠላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በእጃቸው ያጥቧታል። እኛ ዘንድ ደህና መኪና ያለው ሰው ለሠርግ ከተጠየቀ እምቢ አይልም፤ እምቢ ካለ ስሙ ከአንዱ ቡና ወደ ሌላው ሲዞር ይከርማል። ጣሊያኗ ግን ለማንም ሠርግ ወጥታ አታውቅም። ሻንሲው የታጠፈ መኪና ላይ ሙሽራ የሚያስቀምጥ ማን አለ?

በሰኔ ወር አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሽ ገብረሕይወት ራሳቸው ይዘዋት መጡ። ከመኪናዋ ሲወርዱ ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር።

«ቅዳሜ ቅድስትን እድራለሁ» አሉ። «ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን በዚች ነው የምወስዳት። ሰባት ዓመቷ እያለ ቃል ገብቼላታለሁ። ግን መሪዋ ሰሞኑን ያስፈራኛል። እኔ ወደ ቀኝ ስል እሷ ቆማ ታስባለች።»

ነጋሽ ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ እርስዎም ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ሻንሲው ነው።»

ጋሽ ገብረሕይወት ወለሉን አዩ። «እ…» አሉ።

«መሪውን ስንቴ አጠበቅኩልዎ? ሦስቴ። ዳነች? አልዳነችም። ሊሞዚን ይከራዩ። ልጅትን በዚች ይዘው ዛፍ ውስጥ እንዳይገቡ።»

ዝም ልል ነበር። እውነቴን ነው፣ ሌላ መኪና ሥር ተኝቼ ዘይት እያፈሰስኩ ነበር፣ ዝም ልል ነበር። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማሁት ነገር ነው።

«መጀመሪያ ነገር» አልኩ ከታች፣ «ይቺ መኪና ሻንሲ የላትም።»

ነጋሽ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አልሽ?»

«የላትም። ወለሏና አካሏ አንድ ላይ የተበየደ ነው። የጭነት መኪና መሰለችህ እንዴ ጋሽ ነጋሽ? የሌላትን ነገር ማን አጠፈባት?»

«ያው ነው! ወለሏ ታጥፏል በያ እንግዲህ!»

«ለክተኸዋል?»

«ዓይን የሚባል ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ከመኪናው ሥር ወጥቼ እጄን ጠረግኩ። አፌ ከእጄ ይቀድማል ይሉኛል፤ ይቅደም፣ እጄም ወደ ኋላ አይቀርም። «እስከ ዓርብ ቀጥ አድርጌ አስኬዳታለሁ» አልኩት።

«በምንሽ? በስልክሽ?»

«በእጄ። ቀጥ ብላ ከሄደች ሁለተኛው ሊፍት የኔ ነው። ስልኩን አንተ ትይዛለህ።»

«ባትሄድስ?»

«ባትሄድ ሊፍት የሚል ቃል ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም። ዘይት እየቀየርኩ አረጃለሁ።»

ነጋሽ ሳቀ፤ ሆዱ ሲንቀጠቀጥ በቱታው ላይ ይታያል። ከዚያ እጁን ዘረጋ። ጨበጥኩት። «ጋሼ፣ እርስዎ ምስክር ነዎት» አልኳቸው።

ጋሽ ገብረሕይወት ቁልፉን መዳፌ ላይ ሲያኖሩ ቶሎ አልለቀቁትም። «ልጄ» አሉ ዝግ ብለው፣ «ወለሉን ተይው። ከፊት ጀምሪ።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ በግምት አልሠራም። መጀመሪያ እለካለሁ።»

የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ነጋሽ በሁለት እርምጃ ርቀት ቆሞ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። አፋቸውን ዘጉት። «እንግዲህ እንዳልሽ» ብለው ሄዱ።

እኔም መለካት ጀመርኩ።

አባቴ ናዝሬት ግንበኛ ሳለ ይዞት የነበረ ቱምቢ አለ፤ ናስ ነው፣ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ። ከቤት አመጣሁት። መኪናዋን በአራት የብረት መደገፊያ እግር ላይ አቁሜ፣ ወለሏ ላይ ፋብሪካው ራሱ ካስቀመጣቸው ቀዳዳዎች በክር እያንጠለጠልኩ ጫፉ ሲሚንቶውን የሚነካበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ በሜትር መለካት ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ መኪናዋ አልተጣመመችም። ሲያወሩት የአንድ ሰዓት ሥራ ይመስላል። የነጋሽ ጋራዥ ወለል ግን ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ወደ መሃል ያዘቀዘቀ ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዷን እግር በስስ እንጨት እየደገፍኩ ማስተካከል ነበረብኝ። ሥራ የምጀምረውም የተሰለፈው ዘይት ሁሉ ከተቀየረ በኋላ ነው። ስልኩ ደግሞ ደረቴ ላይ ይጮሃል።

ማክሰኞ ነጋሽ ዘይት በረገጠ ጫማው ጠመኔው ላይ ተራመደ።

«ጋሽ ነጋሽ!»

«ምነው? ቤት ልትሠሪበት ነው?»

«እግርህን አንሳ!»

«መሠረት ሲጣል በግ ይታረዳል፤ በጉ የታለ?»

ዓይን ዓይኑን እያየሁት እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ማክሰኞ እንዲሁ አለቀ። ረቡዕ ጠዋት ሁለቱን ቁጥሮች አገኘሁ፤ ልዩነታቸው ሁለት ሚሊሜትር ነው። ሁለት! ከፋብሪካ ስትወጣም ከዚያ የተሻለች አልነበረችም። ቁጥሮቹን ግድግዳው ላይ ክንድ በሚያህል ጽሕፈት በጠመኔ ጻፍኳቸው፤ ደንበኛ ሁሉ እንዲያያቸው።

ነጋሽ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበ።

«ቱምቢሽ ታጥፎ ይሆናል» አለ።

ከመናደዴ የተነሣ ሳቄ መጣ። ሳቄ ሲያልፍ ግን ቀኑን ቆጠርኩ። ረቡዕ ነው። መኪናዋ እንዳልታጠፈች አውቄያለሁ፣ ለምን እንደምትቅበዘበዝ ግን ገና አላወቅኩም። ለሥራው የቀረኝ ሁለት ቀን ተኩል ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ቅድስት መጣች። ሚድታውን ውስጥ የሕንፃ ኢንጂነር ናት፤ ከቢሮ በቀጥታ ነው የመጣችው፣ ባጇ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ከእኔ ሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፣ የሰንበት ትምህርት አብረን ተምረናል። የኔን መኪና መፍታት ሰፈሩ እንደ በሽታ ሲያወራ፣ የሷን ዲፕሎማ እናቷ ሳሎን ላይ በመብራት አስጊጣው ነበር።

«ሚካ፣ ኦነስትሊ ንገሪኝ» አለች፣ ቱታዬን ላለመንካት ራቅ ብላ። «ሴፍ ካልሆነች አባዬን እኔ አሳምነዋለሁ። ሊሞው ላይክ፣ ኦልሬዲ ቡክ አድርገነዋል።»

«ጫማሽን አውልቂ።»

«ዋት?»

«ጫማሽን አውልቂና መሪው ጋ ተቀመጪ። ብቻዬን የማልችለው ነገር ነው። ሁለት ሰው ያስፈልጋል።»

ዙሪያዋን አየች። ነጋሽ ሳንድዊቹን ይዞ እያየን ነው። ጫማዋን አውልቃ ገባች።

እኔ ከፊት ጎማዎቹ ኋላ በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁ። በዚች መኪና በሹፌሩ በኩል የመሪ ሳጥን አለ፤ መሪው ሲዞር እሱ አንድ ክንድ ይገፋል። ክንዱ ረጅም ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉ ጎማዎቹን ያዞራል። በተሳፋሪው በኩል የዘንጉን ሌላ ጫፍ የሚይዝ አንድ ክንድ ደግሞ አለ፤ አይድለር አርም ይባላል። እሱ አይገፋም፣ አያዝም። ሥራው መሸከምና መከተል ብቻ ነው። እንደዚህ ያለውን ማንም አያየውም፤ እኔ በዚያ ጋራዥ ውስጥ የሁለት ዓመት ልምድ ስላለኝ መጀመሪያ እጄን እሱ ላይ አሳረፍኩ።

«አሁን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። በጣም አታዙሪ። ሕፃን እንደምታባብዪ።»

«እንደዚህ?»

ክንዱ መዳፌ ውስጥ ተነሣ። ወደ ጎን መሄድ ሲገባው ወደ ላይ ተነሣ፣ የአውራ ጣቴን ውፍረት ያህል፤ ከዚያ ወረደና ቆይቶ ጎማው ተንቀሳቀሰ።

«አቁሚ!»

«ምንድነው? ሰበርኩት?»

«አልሰበርሽም። አገኘሽው።»

ቅድስት ወርዳ ባጇ ወለሉን እስኪነካ ተንበርክካ አየች። የቀሚሷን ነገር ረሳችው። እንድትነካው እጇን ያዝኩላት፤ እያንቀሳቀሰች «ኦ ማይ ጋድ፣ ይሄ እኮ ፒቮቱ አልቋል፣ ሎዱን የሚይዘው ምንም ነገር የለም» አለች። ዲፕሎማው ከንቱ አይደለም ለካ። ውስጡ ያለው ቡሽ የሚባለው ቀለበት በሃምሳ ዓመት ተበልቶ ቀዳዳው እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኗል። ከጎማ ጋር የሚያያዙት ሁለት ታይሮዶችም የጎማ ሽፋናቸው ተቀዶ ግሪሳቸው ደርቋል። አለቀ። ምስጢሩ ይሄው ነው። ያረጁ ሦስት ዕቃዎች።

ስወጣ ግን የመሪው ሳጥን አናት ላይ አንድ ነገር አየሁ። ነጋሽ ያጠበቀውን ብሎን ሁሉ በቢጫ ቀለም ምልክት ያደርጋል፤ የሱ ኩራት እሱ ነው። ከእጁ የወጣ መኪና ሁሉ ቢጫ ነጠብጣብ አለው። የሳጥኑ ማስተካከያ ብሎን ላይ ቢጫው ሦስት ድርብ ነው። መሪው በላላ ቁጥር ሳጥኑን አጥብቋል። ጉልበቱን ላመመው ሰው ቀበቶ እንደማጥበቅ ነው። ሳጥኑ ከመጠን በላይ ስለጠበቀ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ አይመለስም፤ ይህ ከላላው ክንድ ጋር ሲደመር ነው ጋሽ ገብረሕይወት «ቆማ ታስባለች» ያሉት።

ዕቃዎቹን የዚያኑ ዕለት አዘዝኩ። በፍጥነት ይላክ ብዬም የሚደርሱት ዓርብ ጠዋት ነው ተባልኩ።

ሐሙስ አሮጌዎቹን አወጣሁ። ታይሮድ ከገባበት ክንድ ጋር በሃምሳ ዓመት ዝገት ሲጋባ በልመና አይፋታም።

ነጋሽ የጋዝ ችቦውን ይዞ መጣ። «ቴስቲኒውን እሳት ልስጠውና ይውጣ።»

«አትስጠው። የገባበትን ክንድ ታለሰልሰዋለህ። አሮጌው ቴስቲኒ ይጣላል፣ ክንዱ ግን እዚሁ ይቀራል።»

«ታዲያ በጸሎት ታወጪዋለሽ?»

ሁለት መዶሻ አነሣሁ፤ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ። ክንዱን ከሁለት ጎን እኩል በአንድ ጊዜ መምታት ነው፤ ቀዳዳው ለቅጽበት ይንገዳገድና የያዘውን ይለቃል።

«ሁለት መዶሻ ይዛ የምታጨበጭብ ሰው ዛሬ አየሁ» አለ ነጋሽ።

አንድ። ሁለት። በሦስተኛው ቧ ብሎ ወረደና ሲሚንቶው ላይ እየተንከባለለ ሄዶ ጫማው ሥር ቆመ። ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ በጣቱ አዞረው። ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ይነቃነቃል። መልሶ አስቀመጠውና ወደ ሊፍቱ ሄደ።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ የታዘዘው ዕቃ መጣ። አዲሱን ክንድ ገጠምኩ፣ ታይሮዶቹን አሮጌዎቹ በገቡበት ጥርስ ልክ እየቆጠርኩ አስገባሁ። ጎማ የሚያቀና የአላይመንት ማሽን የለንም፤ ማሽን የለንም ብሎ መተው ግን ደካማ ሰው ያወጣው ሰበብ ነው። ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ በሁለቱም ጎን ክር ወጠርኩ፣ ከክሩ እስከ ጎማው በማስመሪያ ለካሁ፣ ዞሬ አስተካከልኩ፣ እንደገና ለካሁ። የቀረው ቢጫው ብሎን ነው።

መፍቻዬን ሳሳርፍበት «እሷን አትንኪ!» አለ ነጋሽ።

ድምፁ ቀልድ የለውም። ቀና አልኩ።

«እሷ ጥሩ ናት። ራሴ ሦስቴ አጥብቄያታለሁ።»

«አውቃለሁ። ቀለሙን ቆጥሬዋለሁ።»

ፊቱ ቀላ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እጁ ላይ ያለው ጠባሳ ሁሉ በሥራ የመጣ ነው። ሰው ስህተቱን እንዲነግረው ሳይሆን ሰው ዝም እንዲለው የሚፈልግበት ሰዓት እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ። ለአንድ ጊዜ በሕይወቴ ምላሴን ያዝኩ።

«ሳጥኑን አላመመውም ነበር ጋሽ ነጋሽ» አልኩት ብቻ። «ሌላ ቦታ ነበር የሚያመው።»

ዳዶውን አላላሁት። ቢጫው ተሰነጠቀና እንደ ቅርፊት እጅጌዬ ላይ ረገፈ። ብሎኑን ወደ ኋላ መለስኩት፣ ከዚያ በካቻቢቴ ቀስ እያልኩ ጨዋታው እስኪጠፋ ብቻ አስገባሁት፤ አንድ ፀጉር አላለፍኩም። ነጋሽ ጀርባውን አላዞረም። እስከ መጨረሻው አየ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ገብረሕይወት መጡ፤ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ለሙከራ ሳይሆን ለክርስትና የመጡ ይመስላሉ።

«እኔ ነኝ የምነዳት» አለ ነጋሽ። ፍትሐዊ ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጋሽ ገብረሕይወት የጋራዡ በር ላይ ቀሩ፤ ሦስተኛ ወንበር የለማ።

በምሥራቅ ፖንስ ደ ሊዮን መንገድ ወደ ክላርክስተን ወጣን። ጣሪያዋ ተከፍቷል። በስተቀኝ ሐዲዱ አብሮን ይሮጣል። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ነጋሽ መሪውን ለቀቅ ሲያደርገው መሪው በራሱ ወደ መሃል ተመለሰ። ቀጥ ያለው ጋ ስንደርስ አርባ ማይል አስገባት። ኋላችን መኪና የለም። እኔ ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዣለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ የተናገርኩት ነገር ሁሉ፣ ሁለት ዓመት የቀየርኩት ዘይት ሁሉ አብሮኝ የተቀመጠ ይመስለኛል። ነጋሽ ሁለት እጁን አነሣ።

ጣሊያኗ ሄደች።

አንድ የመብራት ምሰሶ አለፍን። ሁለት። ሦስት። የመንገዱ አካፋይ መስመር ከግራ ጎማው ጎን ሳይቀርብ ሳይርቅ ቆሟል። አራተኛው ጋ ነጋሽ እጆቹን ጭኑ ላይ አኖራቸው፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው። አምስተኛው ላይ ቀዩ መብራት ስለበራ ያዛት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

«ጎማው ነበር» አለ መጨረሻ ላይ።

«ጎማውን አልቀየርኩትም።»

«አየሩም ጥሩ ነው ዛሬ።»

«አዎ ጋሽ ነጋሽ። አየሩን አስተካክዬዋለሁ።»

ጋራዥ ስንደርስ ጋሽ ገብረሕይወት ከእኔ ፊት ይልቅ የሱን ፊት አዩ፤ እዚያ ያለውን አንብበው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ነጋሽ ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ዞሮ በእኔ በኩል መጣ። መዳፉን ዘረጋ። ቁልፍ የሚሰጠኝ መስሎኝ ነበር፤ መዳፉ ግን ባዶ ነው።

«ስልኩን አምጪው» አለ።

ከደረቴ ኪስ አውጥቼ ሰጠሁት። ኪሴ ሁለት ዓመት ሙሉ ተወጥሮ የስልኩን ቅርፅ ይዞ ቀርቷል።

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሠርገኛው ክላክሱን እያስጮኸ ሲመጣ ከሊሞዚኑም ከሁሉም ፊት ቀይዋ ነበረች። ቅድስት ተቀምጣ ሳይሆን ቀሚሷ ተቀምጦ እሷ ከላዩ የወጣች ነው የምትመስለው፤ ቬሏ ወደ ኋላ እስከ ዕቃ መጫኛው ክዳን ይበራል። ጋሽ ገብረሕይወት እኔን ሲያዩ ሁለቱንም እጃቸውን ከመሪው አንሥተው እንደ ልጅ አወዛወዙልኝ። «አባዬ!» ብላ ጮኸች ቅድስት። መኪናዋ ቀጥ ብላ በሩን አለፈች። የቆመው ሕዝብ እልል አለ። ለሙሽራዋ ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ድርሻዬን ወስጄያለሁ።

ሰኞ ጎማውንና ካርቶኑን አውጥቼ ሁለተኛውን ሊፍት አጠብኩት። ነጋሽ ኦፊሱ በር ላይ ቆሞ ስልክ ያነሳል፤ ግራ እጁን እያወናጨፈ ለአንድ ሰው ሲያስረዳ ሰማሁት። «የገብረሕይወት መኪና? አዎ፣ አዎ፣ ሻንሲዋ ታጥፎ ነበር። እዚህ አቃናናት። ማን? አንዲት ልጅ አለችን፣ ሚካኤላ ትባላለች። እሷን ላገናኝህ።»

እሱን በምን ላርመው እያሰብኩ ሳለ እትዬ አበዛሽ፣ የጋሽ ገብረሕይወት ባለቤት፣ ከመልሱ የተረፈ ድፎ ዳቦ በፎይል ጠቅልለው ገቡ። ሁለቴ ጉንጬን ሳሙኝ፣ ቱታዬን አልፈሩትም። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ያሉት የጠመኔ ቁጥሮች ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድነው ልጄ?»

«ወለሏን ስለካ ነው እትዬ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እንዳልታጠፈች ላረጋግጥ ብዬ።»

እትዬ አበዛሽ ኦፊሱን አየት አደረጉ፤ ነጋሽ ጀርባውን ሰጥቶ እያወራ ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ሳቁ ግን በዓይናቸው አመለጠ።

«ሁለት ቀን! አይ የኔ ልጅ! እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት። ያ ሰውዬ የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ሊያገባ ሲል ‹ለሙሽራዬ ጣሊያኗን ስጡኝ› ብሎ ቤታችን መጣ። ገብረሕይወት መስጠቱንም አልወደደ፣ እምቢ ማለቱንም ፈራ፤ ‹ምን ላድርግህ ወንድሜ፣ ሻንሲዋ ታጥፏል› አለው። እሷ እኮ እኛ እጅ ከገባች ጀምሮ ከድመት ጋር እንኳ ተጋጭታ አታውቅም።»